ለሲስተርና ለቅሬያችን ሴቶች፦ ምስጋናና ጥቆማ

ደሴ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞረች የአልጋ ቁራኛ የሆኑ ሕሙማንን የምትረዳ አንዲት ነርስ አለች። ስሜ አይጻፍ ስላለች ሰፈሩ እንደሚጠራት «ሲስተር» እንበላት። የምንጽፈው በቅሬያችን (በሰፈራችን እድር) የማስታመም ተራ የምናስተባብር ሰዎች ነን። ልናመሰግናት ነው፤ ቤቱ ታማሚ ያለበት ሰውም ምን ዓይነት ነርስ መፈለግ እንዳለበት ከእሷ አሠራር ይወቅ ብለን ነው።

ሲስተር አንድ ቤት ስትገባ ከታማሚው ጋር ሰላምታ ተለዋውጣ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ሌሊት የሚነሳው ማነው?» ብላ ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው ስም ነው፤ ሚስት ወይም ትልቋ ልጅ። እዚያው ደብተር ታስወጣና ሌሊቱን ለሁለት ትከፍለዋለች፦ ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 8 አንድ ሰው፣ ከ8 እስከ ንጋቱ 1 ሌላ ሰው። አምስት ሰዓት ሳይቆራረጥ የተኛ አስታማሚ በማግስቱ መድኃኒት አይሳሳትም። ቤቱ ሁለተኛ ሰው ከሌለው ለቅሬው ትነግራለች።

ከዚያ ወደ መኝታው። የአልጋ ቁስል የሚመጣው አጥንትና ፍራሽ በመሃላቸው ያለውን ሥጋ ጨቁነው ደም ሲያሳጡት ነው። ስለዚህ ታማሚው በየ2 ሰዓቱ ይገላበጣል፦ ቀኝ ጎን፣ ጀርባ፣ ግራ ጎን፤ ሰዓቱ ደብተሩ ላይ ይጻፋል። ብዙ ቤት የሚሳሳተው ጎን ሲያስተኛ ነው። ሰውን ልክ በጎኑ ቀጥ አድርጎ ማስተኛት ክብደቱን ሁሉ በዳሌ አጥንቱ ላይ ይጥላል። ሲስተር ከጀርባ ትራስ አስገብታ 30 ዲግሪ ያህል ብቻ ታዘነብለዋለች። አንድ ትራስ በጉልበቶቹ መሃል፣ አንድ ከባቱ ሥር ሆኖ ተረከዙ ፍራሹን ሳይነካ እንዲንጠለጠል። ትራስ ከሌለ የታጠፈ ጋቢ ያገለግላል። ቀለበት የሚመስለውን መቀመጫ ግን ታስጥላለች፤ ዙሪያውን እያነቀ ደም ይከለክላል።

ለማንሳት አንድ አንሶላ ታጥፎ ከትከሻ እስከ ጭን ሥር ይነጠፋል። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ ያነሳል እንጂ አይጎትትም። መጎተት ቆዳውን ከሥጋው ያላቅቀዋል፤ ቁስሉ ከላይ ሳይታይ ከውስጥ ይጀምራል። የሚያነሱት ሰዎች ወገባቸውን ሳይሆን ጉልበታቸውን ያጥፉ። ወገቡ የተቀጨ አስታማሚ በሳምንቱ ሁለተኛ ታማሚ ነው።

በእኛ ቆዳ ላይ መቅላት ጎልቶ አይታይም። ስለዚህ ጭራ አጥንቱ፣ ዳሌውና ተረከዙ በየቀኑ በእጅ ይዳሰሳል። ከአካባቢው የሞቀ፣ የጠነከረ ወይም የጠቆረ ቦታ ከተገኘ ቁስሉ ጀምሯል ማለት ነው። ያ ቦታ አይታሽም፣ አይተኛበትምም። ከተከፈተ ደግሞ አልኮል፣ አመድ፣ ቅቤ አይነካውም። 1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ 2 ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ጨው ተበጥብጦ በዚያ ይታጠባል፤ የተረፈው በማግስቱ ይደፋል። ሽታ ካመጣ ሐኪም ሲያዝ የሜትሮኒዳዞል ክኒን ተፈጭቶ ይነሰነስበታል። ይህን የሚያውቅ ቤት ጥቂት ነው፤ ቤተሰቡና ጠያቂው ወደ ታማሚው ለመቅረብ እስኪያፍር ድረስ የሚያስጨንቀው ሽታ ግን በዚህ ብዙ ይቀንሳል።

ስለ ምግብ የምትለውን ጠያቂዎች ሁሉ ቢሰሙልን እንወዳለን። ታማሚው ሲበላም ሲጠጣም ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ አገጩን ጥቂት ወደ ደረቱ ያዘነብላል፣ ማንኪያው ትንሽ ይሆናል፣ መዋጡ ሳይታይ ሁለተኛ አይሰጥም። ከበላ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይጋደም ይቆያል። ስትሮክ የመታውን ሰው ከወፍራም አጥሚት ይልቅ ቀጭን ውሃ ቶሎ ያንቀዋል፤ ምግቡም ባልደከመው ጉንጩ በኩል ይገባል። ሲበላ የሚያስለው ወይም ድምፁ ውሃ እንደያዘ የሚሆን ከሆነ ማብላቱ ይቆማል። በፍቅር «በሞቴ!» እያሉ ጉርሻ ማስገደድ እዚህ ላይ አደጋ ነው፤ ምግቡ ሳንባ ይገባል። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ደግሞ ሰውነቱ ራሱ ምግብ ይተዋል። የሚሞተው ስላልበላ ሳይሆን የማይበላው በሽታው ስላደከመው ነው። ያኔ አፉን በረጠበ ጨርቅ መጥረግና ከንፈሩን ቫዝሊን መቀባት ከጉርሻ ይበልጣል።

ግሉኮስ ስቀይ ሲሏትም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትሰቅልም። ብዙዎች ይቀየሟታል። እየደከመ ባለ ሰው ላይ ፈሳሹ እግር ያሳብጣል፣ ትንፋሽ ያስቸግራል። ገንዘቡን እያየች እንቢ የምትል ባለሙያ ናትና ለዚህ ብቻ እንኳ ትመሰገናለች።

የካንሰር ሕመም ላለበት ሞርፊን (ብርቱ የሕመም ማስታገሻ) ሲታዘዝ ቤተሰቡ ሱስ ይፈራል፤ ታማሚው ሲያቃስት ብቻ ይሰጠዋል። ሕመም ተነስቶ ከከፋ በኋላ ለማብረድ ይከብዳል። ስለዚህ የሚዋጠው ፈሳሽ ሞርፊን በሰዓቱ፣ በየ4 ሰዓቱ ይሰጣል፦ ንጋት 12፣ ረፋድ 4፣ ቀን 8፣ ምሽት 12፣ ማታ 4። ሌሊት እንዳይቀሰቀስ የማታው እጥፍ እንዲሆን ሐኪሙ ሊያዝ ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ያስተኛዋል፣ ከዚያ ይለመዳል። የሆድ ድርቀቱ ግን አይለመድም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ እንዲታዘዝ ጠይቁ። በድንገት አይቋረጥም፣ ከልጆችም ተቆልፎ ይቀመጣል።

የመድኃኒት ወረቀት ላይ የሚታየው ሌላው ስሕተት «በየ8 ሰዓቱ» የሚለውን «8 ሰዓት ላይ» ብሎ ማንበብ ነው፤ ሦስቴ መሰጠት ያለበት በቀን አንዴ ይሆናል። ሲስተር ካርቶኑ ላይ ራሷ ትጽፈዋለች፦ ጠዋት 1፣ ቀን 9፣ ማታ 5።

የሽንት ቱቦ ላለው፣ ከረጢቱ ሁልጊዜ ከወገብ በታች ይንጠለጠላል እንጂ መሬት አይነካም። ገላ የሚታጠበው ቀን ፀሐይ ሲገባ ነው፤ የጦሳ ተራራ ብርድ አይምርምና አንድ ክፍል እየተገለጠ፣ እየታጠበና እየደረቀ፣ የቀረው ሁሉ ተሸፍኖ። ደም ወይም ሰገራ የነካው ወለል በ1 እጅ በረኪና እና በ9 እጅ ውሃ፣ በጓንት።

አሁን ወደ ቅሬያችን ሴቶች። ቅሬ ድንኳንና ድስት ይዞ የሚመጣው ሞት ሲሰማ ነበር። እነሱ ግን ሰውየው በሕይወት ሳለ ይመጣሉ። ሰኞና ሐሙስ አንድ ቤት አንሶላና ልብስ ያጥባል፣ ሌላ ቤት እንጀራ ይጋግራል፣ አንዷ ከቀኑ 8 እስከ 11 ከታማሚው ጋር ትቀመጥና አስታማሚዋ ወጥታ ትመለሳለች። ጠያቂ በዚያው ሰዓት እንዲመጣ ለሰፈሩ ይነግራሉ። ወዳጃውም (የወሎ የጋራ ዱዓ) ጸሎቱም በየእምነቱ ይደረጋል፤ ቡናው ግን ታማሚው ሳል ካለበት ጭሱ ሳይገባበት ከውጭ ይፈላል። «አብሽሩ» ብሎ መሄድ ቀላል ነው፤ እነሱ «አብሽሩ» እያሉ አንሶላውን ይዘው ይወጣሉ። አላህ ይስጥልን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን።

ለሌሎች ቅሬዎች አንድ ጥቆማ፦ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያ መታደሱን የሚከታተል አንድ ሰው መድቡ። ከእኛው ወሎ ተሁለደሬ መድኑ በአገሪቱ መጀመሪያ ከተሞከረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ ነበረች፤ ሆኖም ዛሬም ሳይታደስ ያለፈበት ቤት እናገኛለን። ሆስፒታል ከመሄዳችሁ በፊትም ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ያዙ፤ ያለ እሱ ወጪው በራሳችሁ ሊሆን ይችላል።

ሲስተርን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፤ እሷን ጠይቀን እናገናኛለን። ስትመጣ የመጨረሻውን የሐኪም ወረቀት፣ መድኃኒቶቹን ሁሉ ከነካርቶናቸው፣ ሁለት ትራስ፣ አንድ ትርፍ አንሶላና አንድ ባዶ ደብተር አዘጋጁላት። ከከተማው ውጭ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ነርስ ስትቀጥሩ የሙያ ፈቃዷን እዩ፤ ቀጥሎ የመገላበጡን ሥራ ለእናንተ ታስተምር እንደሆነ ጠይቋት።