በጎንደር የተከታተልኩት የፓተንት ስዕልና መግለጫ አዘገጃጀት ሥልጠና

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ ማሠልጠኛ ለአምስት ተከታታይ ቅዳሜዎች የተሰጠውን የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ስዕልና መግለጫ አዘገጃጀት ሥልጠና የተከታተልኩት፣ አዘዞ ባለው ወርክሾፔ የሠራሁትን በእጅ የሚሽከረከር የሰሊጥ ማበጠሪያ ለማስመዝገብ ፈልጌ ነው። ልኬትና ብየዳ የዕለት ሥራዬ ስለሆነ ስዕሉ አይከብደኝም የሚል እምነት ነበረኝ፤ ሆኖም ለበያጅ የሚሰጥ ስዕልና ለፓተንት መርማሪ የሚቀርብ ስዕል ዓላማቸው የተለያየ መሆኑን በመጀመሪያው ቀን ተረዳሁ። የፓተንት ስዕል ክፍሎቹ እንዴት እንደተያያዙና እንዴት እንደሚሠሩ ያሳያል እንጂ የሚሊሜትር ቁጥር አይደረደርበትም።

አሠልጣኙ ብዙ ጊዜ የሰጠው ለመለያ ቁጥሮች ነው፤ ሥልጠናውን ከልቤ የማመሰግነውም በዚሁ ነው። ያቀረብኩለትን ወረቀት ተቀብሎ ሦስት ቦታ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አከበበ፦ በስዕል 1 ላይ 14 ያልኩት ዘንግ በስዕል 2 ላይ 16 ሆኗል፤ በመግለጫው ውስጥ ደግሞ ያንኑ ዕቃ አንዴ «ዘንግ»፣ አንዴ «ማዞሪያ ብረት» ብዬዋለሁ። በዓለም አቀፉ የፓተንት ትብብር ስምምነት ደንብ መሠረት አንድ ክፍል በሁሉም ስዕሎች ላይ አንድ ዓይነት ምልክት ሊኖረው እንደሚገባ፣ በመግለጫው ያልተጠቀሰ ቁጥር በስዕሉ ላይ መታየት እንደሌለበት፣ የቁጥሮቹም ቁመት ከ0.32 ሴንቲሜትር እንዳያንስ አስረዳን።

በሦስተኛው ቅዳሜ ስዕላችንን ደብቀን መግለጫውን ብቻ ለጎናችን ላለ ሰው እንድንሰጥና እሱ እንዲስለው ተደረገ። አጠገቤ የነበረች ሠልጣኝ የእኔን ጽሑፍ ደጋግማ ካነበበች በኋላ ወንፊቱን ወደ እጀታው አዘንብላ ሳለችው፤ የሚያዘነብለው ግን ወደ ማፍሰሻው ነበር። ወደየት እንደሚያዘነብል የሚናገር አንድም ቃል አልጻፍኩም። ማሽኑን በየቀኑ ስለማየው የተጻፈ መስሎኝ ነበር።

ስለ ሕጉ የተሰጠው ማብራሪያ አጭር ቢሆንም ግልጽ ነበር፤ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ፓተንት ለ15 ዓመት ጸንቶ ለተጨማሪ 5 ዓመት ሊራዘም እንደሚችል፣ የአነስተኛ ፈጠራ ጥበቃ ደግሞ 5 ዓመት ሆኖ ለሌላ 5 ዓመት እንደሚታደስ ተነግሮናል።

ቅር ያሰኘኝ የይገባኛል ጥያቄ (ፈጣሪው ጥበቃ የሚጠይቅበትን ነገር ለይቶ የሚያስቀምጥበት የማመልከቻው ክፍል) አጻጻፍ በመጨረሻው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጥድፊያ መታለፉ ነው። የጥበቃው ወሰን የሚለካው በዚህ ክፍል በመሆኑ፣ ስዕሉና መግለጫው ምንም ያህል ቢያምር እዚህ ላይ የጠበበ ቃል የጻፈ ሰው ፈጠራውን በትንሽ ለውጥ ለሚሠራ ሌላ ሰው በር ይከፍታል። የታደለን ጽሑፍም ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ መሆኑ ከመካከላችን የነበሩትን ጎበዝ የእጅ ባለሙያዎች አስቸግሯቸዋል። ማሠልጠኛው ለዚህ ክፍል ሁለት ሙሉ ቀን ቢመድብና ጽሑፉን በአማርኛ ቢያዘጋጅ እኔ ራሴ ዳግመኛ ከፍዬ እማራለሁ። አሁን ለመግባት የሚያስብ ሰው ግን የሠራውን ዕቃ ፎቶግራፍ ከየአቅጣጫው አንስቶ ይሂድ፤ በሐሳብ ብቻ የመጡት ሠልጣኞች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅዳሜዎች ያለ ልምምድ አሳልፈዋል።