«ስቴሮይድ የለበትም» ተብዬ ለልጄ ፊት የገዛሁት ቅባት

ይህን የምጽፈው ትናንት ከሱቁ ከተመለስኩ ወዲህ ንዴቴ ሳይበርድ ነው። ነጭ ጋውን ለብሰው፣ አረንጓዴ ወረቀት የተለጠፈባቸውን ቅባቶች በመስታወት መደርደሪያ ደርድረው፣ «ችፌን ከሥሩ ነቅሎ ይጥላል» እያሉ የዳኑ ሰዎችን ፎቶ በስልካቸው የሚያሳዩትን ነጋዴዎች ፒያሳን የሚረግጥ ጎንደሬ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ እኔም አውቃቸው ነበር፤ እያወቅሁ ገባሁ።

የሁለት ዓመት ልጄ ጉንጯና የክርኗ መታጠፊያ በችፌ ቆስሎ፣ ከኅዳር ወዲህ አየሩ ሲደርቅ ደግሞ ብሶባት፣ ሌሊቱን ስታክ እንዳትቧጭር እጇን በካልሲ ሸፍኜ አሳድራት ነበር። ሻጩን «ወንድሜ፣ ስቴሮይድ (የቆዳን መቆጣት የሚያበርደው መድኃኒት) የለበትም አይደል?» ብዬ ሁለት ጊዜ ጠየቅሁት። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እህቴ፣ እሬትና ጥቁር አዝሙድ ብቻ ነው፤ ለራሴም ልጅ የምቀባው ይህንኑ ነው» አለኝ። 900 ብር ከፈልኩ። በአራተኛው ቀን ጉንጯ ለስልሶ ሳየው ሰውየውን መረቅሁት፤ እንዲያውም፣ ስጽፈው ያሳፍረኛል፣ ለጎረቤቴ ጠቆምኳት። ስድስት ሳምንት ጠዋትና ማታ ቀባኋት። ቅባቱ ባለቀ በሳምንቱ ግን ፊቷ ከመጀመሪያው ብሶ እንደ ፍም ቀላ።

ሐኪሟ ማሸጊያውን ተቀብላ ምንም ሳትናገር አረንጓዴውን ወረቀት በጥፍሯ ከጠርዙ ታላቅቅ ጀመር። ሙጫው ደርቆ ስለነበር ወረቀቱ እየተቆራረጠ ነበር የሚነሣው፤ መጀመሪያ ቁጥሩ ብቅ አለ፣ 0.05 በመቶ፤ ቀጥሎ ስሙ፣ ክሎቤታሶል። ይህ ከሚቀቡት ስቴሮይዶች ሁሉ እጅግ ብርቱ ከሆኑት የሚመደብ እንደሆነ፣ የሕፃን ፊት ስስ ስለሆነ መድኃኒቱን አብዝቶ እንደሚመጥ፣ ሲዘወተር ቆዳን እንደሚያሳሳና ሲቋረጥ ሕመሙን አብሶ ሊመልሰው እንደሚችል አስረዳችኝ። ስቴሮይድ በልኩ ሲታዘዝ ጠላት አይደለም፤ ለልጄም ያዘዘችላት ለስላሳውን፣ 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን፣ ለጥቂት ቀን ብቻ ነው። ችፌን ከሥሩ የሚነቅል መድኃኒት ግን ጨርሶ የለም አለችኝ።

የተላጠውን ማሸጊያ ይዤ ስመለስ ሻጩ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «ስትቀቢያት ድኖላት አልነበር? ታዲያ እኔን ምን አድርግ ነው የምትይኝ?» አለኝ። ከኋላዬ ልጅ ያዘለች እናት ቆማ ነበር፤ ወዲያው ወደ እርሷ ዞሮ፣ እኔን በጠራበት በዚያው ለስላሳ ድምፅ፣ «እህቴ፣ ምን ልታዘዝ?» አላት። እኔም ቃል አጥቼ ወጣሁ፤ ከ900 ብሩ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ለዚያች ሴት አንድ ነገር ሳልነግራት መውጣቴ ነው።

የተለጠፈ ወረቀት ካያችሁ ሳትከፍሉ አላቅቁት። ልጁን ለብ ባለ ውኃ አጥባችሁ ቆዳው ሳይደርቅ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ቀቡት። ከዚህ ዓይነቱ ቅባት ለሳምንታት የተጠቀማችሁ ካላችሁ ደግሞ በራሳችሁ ከማቋረጣችሁ በፊት ማሸጊያውን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።