የዝናብ ካባ ወይስ ጃኬትና ሱሪ? ጎንደር ላይ በብስክሌት ለሚመላለስ

ሰኔ በገባ ቁጥር ብስክሌት ነጂ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ «ከራስ የሚጠልቀውን ካባ ልግዛ ወይስ ጃኬትና ሱሪውን?» ካባውን ግዙ። ጃኬትና ሱሪው ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ ሲታይ ያምራል፤ ዋጋውም ስለሚበልጥ የተሻለ ይመስላል። ጎንደር ግን የዳገት ከተማ ናት። ላስቲክ ጃኬት ቆልፎ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ የሚወጣ ሰው ላቡ መውጫ ያጣል። ሲደርስ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፏል። ዝናቡ ያስገባ ይመስለዋል እንጂ አብዛኛው የራሱ ላብ ነው፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማ ደግሞ እርጥብ ሸሚዝ ለብሶ ሥራ ላይ መዋል ብርድ ያስመታል። ካባው ከታች ክፍት ነው። የእረኛ ገሳም እንዲሁ ነው የሚሠራው፤ ውኃውን በላዩ ያንሸራትታል፣ ከሥሩ ግን ገላ ይተነፍሳል።

የካባው ችግር ቁልቁለት ላይ ይመጣል። ነፋስ ከሥሩ ገብቶ እንደ ሸራ ይነፋዋል፤ የፊቱ ጠርዝ ፊት ላይ ይመታል፣ የኋላው ጎማ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ከፊት በኩል አውራ ጣት የሚገባበት ቀለበት፣ ከውስጥ ደግሞ ወገብ ላይ የሚታሰር ገመድ ያለውን ምረጡ። ከሌለው ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዶ ሁለት የላስቲክ ቀለበት ማሰፋት ይቻላል፤ ግን በታጠፈው ጠርዝ ላይ ብቻ ይሰፋ፣ ሌላ ቦታ መርፌው የበሳው ሁሉ ውኃ ማስገቢያ ነው። የኋላው ጠርዝ ተቀምጣችሁ ሲለካ ከኮርቻው በታች ከአንድ ስንዝር በላይ አይውረድ። ቆቡ አንገት ሲዞር አብሮ ስለማይዞር ከኋላ የሚመጣውን ባጃጅ ይጋርዳል። ከሥሩ ግንባሩ ጠንካራ የሆነ ኮፍያ ማድረግ ነው፤ ቆቡ ኮፍያውን ተከትሎ ይዞራል፣ ዝናቡም ዓይን ውስጥ አይገባም።

ጃንጥላ ይዞ መንዳትን ከነአካቴው እርሱት። አንድ እጅ ማለት አንድ ፍሬን ማለት ነው፤ ቸርኬው የብረት ከሆነ ደግሞ ሲርስ የፍሬኑ ጎማ ላዩ ላይ ይንሸራተታል። ሁለቱንም ፍሬን ቀደም ብሎ በስሱ ነካ ነካ እያደረጉ ውኃውን ከቸርኬው መጥረግ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ብሩ። ዋጋ ስለሚለዋወጥ ቁጥሩን ሳይሆን ስሌቱን ያዙ። ቅዳሜ ገበያ ላይ ስሱ፣ ፌስታል መሰሉ ካባ 150 ብር ተጠራ እንበል። ይህ የፍሬኑ እጀታ አንዴ ከያዘው ከአንገቱ እስከ ጠርዙ ይተረተራል፤ ሳምንት ከቆየ ብዙ ቆየ። ከሐምሌ 1 እስከ ጳጉሜን 5 ድረስ 65 ቀን፣ ዘጠኝ ሳምንት መሆኑ ነው። ዘጠኝ ጊዜ 150 ደግሞ 1,350 ብር። ወፍራሙ ካባ 1,200 ቢጠራ እንኳ በአንድ ክረምት ዋጋውን መልሷል፣ ለከርሞም ይተርፋል። ጃኬትና ሱሪው 2,500 ከተባለ ቀድሞ የሚያልቀው ሱሪው መሆኑን አስቡ። ኮርቻው መቀመጫውን እየፈገፈገ የመሃል ስፌቱን ይለቀዋል፤ ያን ጊዜ በሙሉ ዋጋ የተገዛ ግማሽ ልብስ ይቀራል።

ካባም ሆነ ጃኬት፣ ሻጩ «ማርያምን! ጠብታ አያስገባም» ቢል እንኳ ገልብጣችሁ የውስጡን ስፌት እዩ። ስፌቱን የሚሸፍን ቴፕ ካለ ጠርዙን በጥፍር ፋቅ አድርጉት። በሙቀት የተጣበቀ ከሆነ አይነሳም። በሙጫ ብቻ የተለጠፈው ግን ጥፍሩን ተከትሎ ይላጣል፤ እንዲህ ያለው ፀሐይ ላይ አንዴ ሲሰጣ አለቀ። ከተፈቀደላችሁ ስፌት ያለበትን ቦታ እንደ ጽዋ ሰብስባችሁ ጥቂት ውኃ አፍስሱበትና አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ ከሥሩ በመዳፍ ንኩት። መዳፍ ከረጠበ ስለ ዋጋ መከራከር አያስፈልግም። ሰልባጅ ተራ ጥሩ ዕቃ ይገኛል፤ ግን ውስጡ እጅ ላይ ከተጣበቀ፣ የኮመጠጠ ሽታ ካለው ወይም ነጭ ቅርፊት ከረገፈ ሽፋኑ ሞቷል፣ ምንም አያድነውም።

ጥገና ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የተቀደደ ፕላስቲክ ካባ ጎሚስታ ቤት ተወስዶ የካላማዳሪያ ማስቲሽ ይቀባል፤ በሁለተኛው ዝናብ ይላቀቃል፣ ያ ሙጫ ለጎማ እንጂ ካባው ለተሠራበት ፕላስቲክ፣ ለፒቪሲ፣ አይሆንም። ለፒቪሲ የሚሆነው የቧንቧ ዕቃ መሸጫ የሚገኘው የፒቪሲ ቱቦ ሙጫ ነው። ከአሮጌ ካባ ቁራጭ ቆርጦ፣ ሁለቱንም በአልኮል አጽድቶ፣ ሙጫውን በጣም በስሱ መቀባት ነው፤ ከበዛ ስሱን ፕላስቲክ አቅልጦ ይበሳዋል። ካባውን እርጥቡን አጣጥፎ ቦርሳ ውስጥ መርሳትም ልማድ ሆኗል። ፒቪሲ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው በእጥፋቱ ላይ ነውና ማታ ይሰቀል።

ካባ ብቻ ግን አይበቃም። የፊት ጎማው የሚረጨውን ውኃ ካባ አያቆመውም፤ በቀጥታ ጫማና ፔዳሉ ኩሽኔታ ላይ ነው የሚሄደው። ኮርቻ ሥር የሚታሰረው አጭሩ ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያ) መቀመጫን ከማዳን በቀር እግር ላይ አይረዳም። ጎማውን የሚከተለውን ረጅሙን ግዙ፤ የፊት ጎማው ፓራፋንጎ የታችኛ ጫፍ ላይ ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጠ፣ አንድ መዳፍ የሚያህል ጎማ በሁለት ቡሎን ጨምሩበት። የላሜራው ከፕላስቲኩ ይጠነክራል፣ ግን ኮብልስቶን ላይ ሲንቀጠቀጥ ዳዶው ይለቃል፤ ሁለት ዳዶ አጣምሮ ማሰር መፍትሔው ነው። ከአስፋልት ወጥቶ መረሬ መሬት ላይ የሚሄድ ሰው ደግሞ በፓራፋንጎውና በጎማው መካከል ሁለት ጣት መግባቱን ሳያይ አይግዛ። ከዚያ ከጠበበ ጭቃው ተጠቅጥቆ ጎማውን ቀጥ ያደርገዋል፣ በእንጨት እየጎረጎሩ ካላወጡት ብስክሌቱ አይገፋም።