የሚሽከረከር የኮምፖስት በርሜል፦ ለሻገተ የዶሮ መኖ ይሆናል?

ብየዳ ቤቶች ከ200 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል የሚሠሩት የሚሽከረከር የኮምፖስት ማዘጋጃ የሻገተ መኖን ወደ ኮምፖስት ለመቀየር ጥሩ ነው፤ በተለይ አይጥ ለሚያስቸግረው ግቢ። የሻገተ መኖ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ሊኖረው ስለሚችል ለዶሮም ለላምም አይሰጥም፤ መርዙ ከላሟ ወደ ወተቱ ያልፋል። ስትገለብጡት አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ብናኙ ለሳንባ ክፉ ነው።

መኖ ፕሮቲን ስለሚበዛበት ብቻውን ከገባ የአሞኒያ ሽታ ያፍናል። ለ1 ባልዲ መኖ 3 ባልዲ የተከተፈ ጭድ ወይም ደረቅ ቅጠል ጨምሩ። ሰጋቱራም ይሆናል፣ ግን ለመበስበስ ይዘገያል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ውሃውን በማስቀደም ነው፦ የደቀቀው መኖ እንደ ሊጥ ተጣብቆ በርሜሉ ግድግዳ ላይ ይደርቃል፣ የጓሉ መሃል አየር አጥቶ ይከረፋል። መጀመሪያ በደረቁ አሽከርክሩት፤ ከዚያ ጥቂት በጥቂት እያርከፈከፋችሁ እንደገና። አንድ እፍኝ ሲጨመቅ ውሃ ካንጠባጠበ በዝቷል፤ ጭድ ይጨመርበት። ከሁለት ሦስተኛ በላይ ከሞላ አይገላበጥም።

መሃሉን የሚያቋርጠው ቧንቧ ጓሉን እየሰበረ ስለሚያግዝ ወደነዋል። የበሩ ማጠፊያ ግን ቀጭን ነው፤ እርጥብ ሲሞላ ይጣመማል። በወፍራም አስቀይሩት። የአየር ቀዳዳዎቹ ከ6 ሚሊ ሜትር ከሰፉ አይጥ ያስገባሉ፤ በመኖ ሲደፈኑ በሽቦ ይጠረጉ። ኬሚካል የነበረበትን በርሜል በርካሽ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ፤ የምግብ ዘይት የያዘውን ምረጡ።