የተደበቀውን ሁሉ ፈልፍለው ላሳዩኝ መካኒክ ምስጋና

ያገለገለ መኪና ከሻጭ ገዝታችሁ እንቅልፍ ላጣችሁ ሁሉ አንድ ባለሙያ ልጠቁማችሁ፤ እግረ መንገዴንም ከልቤ ላመስግናቸው።

የገዛሁት መኪና ቀለሙ የሚያንጸባርቅ፣ ሞተሩ ታጥቦ የጸዳ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ዳገት ላይ ሙቀቱ ማሻቀብ ጀመረ፤ ጠብታ እንኳ መሬት ላይ ሳይታይ የራዲያተሩ ውሃ ይጎድላል። ሻጩ «ስትረከበው ደህና ነበር» ብሎ ሸኘኝ። መጀመሪያ ያሳየሁት ጋራዥ ደግሞ ኮፈኑን ከፍቶ ከማየት ያለፈ ምርመራ ሳያደርግ ሞተሩም ካምቢዮውም ይቀየር አለኝ።

እኚህ መካኒክ ግን «መኪናው እዚህ ይደር» ነው ያሉኝ። የሞቀ ሞተር ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ ሕመሙ የሚታወቀው ቀዝቅዞ አድሮ ሲነሳ ነው። በማግስቱ አጠገባቸው አቁመውኝ ሰማያዊ ፈሳሽ የያዘ መመርመሪያ በራዲያተሩ አፍ ላይ ገጠሙ። ሞተሩ እየሠራ ሳለ ፈሳሹ ቀስ በቀስ ወደ ቢጫ ተለወጠ። የተቃጠለ ጋዝ ወደ ማቀዝቀዣው ውሃ እየገባ ኖሯል፤ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጋርኒሲዮን፣ ማለትም በመሃል ገብቶ የሚያሽገው ስስ ንጣፍ፣ ተበልቷል።

ይበልጥ ያስደነገጠኝ የኤርባጉ መብራት ነው። ቁልፉ ሲከፈት ለጥቂት ሰከንዶች በርቶ መጥፋት ሲገባው ጭራሽ አይበራም ነበር። ዳሽቦርዱን ፈተው ሲያዩ መብራቷ በጥቁር ፕላስተር ተሸፍናለች። በጥፍራቸው ላጥ አድርገው ቁልፉን ሲከፍቱት ቀዩ መብራት ቦግ አለና በዚያው በርቶ ቀረ። ልጆቼን የምጭንበት መኪና ነው! የሞተር ብልሽት መደበቅ ማጭበርበር ነው፤ ይህ ግን በሰው ሕይወት መቀለድ ነው።

የቀለሙን ውፍረትም ለኩልኝ። ከፋብሪካ የወጣ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 180 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ነው፤ የኋላው በር ግን ከ1,000 በላይ አሳየ። ከሥሩ ስቱኮ ተሞልቷል።

ከሞተሩ አንድም ብሎን ሳይፈቱ በፊት ይህን ሁሉ ከነፎቶግራፉ ጽፈው ፈርመው ሰጡኝ። «ማስረጃ ሳይያዝ ከተፈታ ያበላሻችሁት እናንተ ናችሁ ይባላል» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ወረቀቱን ሲያይ የሻጩ ክርክር አጠረ፣ የጥገናውንም ወጪ ከፈለ።

ሥራቸውን ቆሜ አይቻለሁ። ቴስታታው ከወረደ በኋላ ቀጥ ያለ ብረት አጋድመውበት፣ ከሥሩ ስስ የክፍተት መለኪያ እየሰደዱ መጣመሙን ፈተሹ፤ ተጣሞ ስለነበር ሳያስልጉ አልመለሱትም። ይህን ዘልሎ ጋርኒሲዮኑን ብቻ የሚቀይር ሰው ቶሎ እንደገና እንዲበላ ነው የሚያደርገው። አዲሶቹን ብሎኖች ከመሃል ወደ ዳር፣ በቅደም ተከተል፣ ኃይሉን በሚለካ ቁልፍ አጠበቁ። ይቀየር የተባለው ካምቢዮም ጤነኛ ሆኖ ተገኘ፤ በእሱ በኩል ይሰማ የነበረው ድምፅ የሚመጣው ካምቢዮው ካረፈበት የጎማ መደገፊያ መሰንጠቅ ነበር። የወጡትን አሮጌ ዕቃዎች በካርቶን አድርገው አስረከቡኝ።

እጅዎ ይባረክ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ!

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ከመግዛታችሁ በፊትም ይመረምሩላችኋል። ስትሄዱ ሞተሩ የቀዘቀዘ ይሁን፤ ሻጩም ባትሪውን እንዳይነቅል፣ የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገባቸውን የብልሽት ኮዶችም እንዳያጠፋ ንገሩት። በቅርቡ ቢያጠፋም ኮምፒውተሩ ራሱን ፈትሾ ወዲያው ስለማይጨርስ፣ መጥፋታቸውን በመመርመሪያው ላይ ሊያገኙት ይችላሉ።