ጠርሙሱ ያለውና ቆዳዬ ያለው

ለቸኮለ አንባቢ ፍርዴን ላስቀድም። ለወራት የዋጥኩት ፕሮባዮቲክ፣ ማለትም ሕያው ባክቴሪያ የያዘ እንክብል፣ ችፌዬን አላጠፋልኝም። ሆዴን ግን አስተካክሎልኛል። ከአምስት ኮከብ ሁለት ተኩል እሰጠዋለሁ። ግማሿ ኮከብ ለጠርሙሱ ጀርባ ናት፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ችፌ ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ አለ። ቦታው የክርኔ እጥፋትና የጉልበቴ ጀርባ ነው። ሲብስበት አንገቴ ላይ ይወጣል። ያለበት ሰው ያውቀዋል፤ ቀን በሥራ ተጠምደህ ትረሳዋለህ፣ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተህ ሰውነትህ ሲሞቅ ይነሳብሃል። ጠዋት አንሶላው ላይ ደም ጠብ ጠብ ብሎ ታገኛለህ። በእንቅልፍ ልብህ ስታክ አድረሃል ማለት ነው። "አትከክ እንጂ!" የሚል ሰው ደግሞ አይጠፋም። እስካሁን ያን ምክር የሰጠኝ ሰው ሁሉ ቆዳው ጤነኛ ነው።

እንክብሉን የገዛሁት በራሴ ገንዘብ ነው፤ ማንም በነፃ አልሰጠኝም። የአምራቹን ስም አልጠራም። የምለው ነገር አብዛኛው አጠገቡ ለተደረደሩት ጠርሙሶችም ይሠራል። ፊት ለፊቱ ላይ በትልልቅ ፊደል የጠራ ቆዳ ይሰጣችኋል የሚል መፈክር አለ። እሱን እለፉት። ቁም ነገሩ ያለው ጀርባው ላይ፣ በደቃቁ ጽሑፍ ውስጥ ነው።

እዚያ ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛው የባክቴሪያው ሙሉ ስም ነው። የእኔ ጠርሙስ "ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ ጂጂ" ይላል። የመጨረሻዋ "ጂጂ" ትርፍ ጌጥ አይደለችም፤ የትኛው ዝርያ እንደሆነ የምትለየው እሷ ናት። ጥናት የሚሠራው በአንድ በተለየ ዝርያ ላይ ነው። የአንዱ ውጤት ለሌላው አይተላለፍም፤ የአጎት ልጅ ቢሆን እንኳ። "ላክቶባሲለስ" ብቻ ብሎ ዝም ያለ ጠርሙስ ስልክ ቁጥሩን ግማሽ ድረስ ነግሮህ እንደሄደ ሰው ነው። በነገራችን ላይ፣ በ2020 ሳይንቲስቶች የላክቶባሲለስን ቤተሰብ በታትነው አዲስ ስም አውጥተውለታል። ስለዚህ ያው ባክቴሪያ "ላክቲካሴባሲለስ ራምኖሰስ" ተብሎም ይሸጣል። አዲስ ግኝት መስሏችሁ ተጨማሪ ገንዘብ እንዳትከፍሉ።

ሁለተኛው ቁጥሩ ነው። የእኔው በአንድ እንክብል 10 ቢሊዮን ሕያው ባክቴሪያ አለኝ ይላል። ቁጥሩ ያማልላል። ግን ቀጥላ "በተመረተበት ጊዜ" የምትል ሐረግ አለች። ፕሮባዮቲክ የሚባለው በሕይወት ያለ፣ በበቂ መጠን የሚወሰድና ለጤና የሚጠቅም ተሕዋስ ነው። ሙቀትና እርጥበት ደግሞ ይገድሉታል። ፋብሪካ ውስጥ 10 ቢሊዮን ነበር ማለት እኔ ስውጠው 10 ቢሊዮን ነው ማለት አይደለም። ጥሩ አምራች ቁጥሩን "እስከ መጠቀሚያ ጊዜው ማብቂያ" ብሎ ነው የሚጽፈው። ይህንኑ ጠይቄ ለአምራቹ ጻፍኩ። የመጣልኝ መልስ መፈክሩ ነው፤ ቃል በቃል። ዝርያውን በሙሉ ስሙ ስለጻፉ ያቺን ግማሽ ኮከብ ሰጥቻቸዋለሁ። በዚህኛው ግን ተናድጃለሁ።

አሁን ወደ ሰውነቴ። ጠርሙሱን ከመክፈቴ በፊት አንድ ነገር ወሰንኩ፤ ሌላ ምንም አልቀይርም። ሳሙናው ያው፣ ማለስለሻ ቅባቱ ያው፣ ሲቆጣ የምቀባው የስቴሮይድ ቅባትም ያው። ሁሉን ባንዴ ቀይሮ "ፕሮባዮቲኩ ረዳኝ" የሚል ሰው የትኛው እንደረዳው በምን ያውቃል? ማታ ማታ ማሳከኩን ከአስር ነጥብ እየሰጠሁ ደብተር ላይ እጽፍ ነበር። ክርኔንም እዚያው መስኮት ሥር፣ በዚያው የጠዋት ብርሃን ፎቶ አነሳዋለሁ።

መጀመሪያ ላይ ሆዴ ተነፋ። ያጉረመርማል፣ ሰው መሃል ያሳፍራል። ጥቂት ቆይቶ ተወኝ። ከዚያ ወዲህ ለዓመታት የማውቀው የሆድ ድርቀት ቀለል አለልኝ። ለዚህ አመሰግነዋለሁ፤ ግን እኔ የገዛሁት ለሆዴ አልነበረም።

ቆዳዬስ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። መሃል ላይ ክርኔ ጥርት ብሎ የሰነበተበት ጊዜ ነበር። ፎቶውን ለእህቴ ላክሁላት። "ስሙን ላክልኝ" ትለኛለች ብዬ እስክጠብቅ ድረስ ኮርቼ ነበር። ደብተሩን ሳገላብጥ ግን ሌላ ነገር አየሁ። ያ ጊዜ አየሩ እርጥበት የያዘበት፣ ሥራዬም ረገብ ያለበት ነበር። ፕሮባዮቲክ የሚባል ነገር ሳልሰማ በፊትም በእንዲህ ያለ ጊዜ ቆዳዬ ያርፋል። አየሩ ሲደርቅ እንክብሉን እየዋጥኩ ችፌው ተመለሰ፤ በጉልበቴ ጀርባ በኩል፣ እንደ ልማዱ። የነጥቡ አማካይ ከበፊቱ ትንሽ ዝቅ ብሏል፤ አልዋሽም። ግን ነጥብ የምሰጠው እኔው፣ ተስፋ ያደረግሁትም እኔው ነኝ። የስቴሮይድ ቅባቱ ቱቦም እንደ ድሮው ፍጥነት ነው ያለቀው። እኔ ከደብተሩ ይልቅ ቱቦውን አምናለሁ።

ችፌ በራሱ ጊዜ የሚመጣ፣ በራሱ ጊዜ የሚሄድ ነገር ነው። ሰው አዲስ ነገር የሚሞክረው ሲብስበት ነው። ከባሰ በኋላ ደግሞ ብዙውን ጊዜ መሻል ይመጣል፤ ምስጋናውን የሚወስደው በዚያን ሰዓት እጅ ላይ የነበረው ጠርሙስ ነው። "በሁለት ሳምንት ዳንኩ" የሚሉ አስተያየቶችን ሳነብ ሰዎቹ ይዋሻሉ አልልም። እነሱ ያዩት መሻል እውነት ሊሆን ይችላል። መንስኤው ግን ሌላ ሊሆን ይችላል።

ጥናቱም ከእኔ ደብተር ብዙ አይርቅም። የዚህ ባክቴሪያ ዝና የመጣው በ2001 ፊንላንድ ውስጥ ከተሠራ ጥናት ነው። አለርጂ በቤተሰባቸው ላለባቸው እርጉዞች፣ ከዚያም ለሕፃናቱ ተሰጠ። በሁለት ዓመታቸው ችፌ የያዛቸው ባክቴሪያውን ካገኙት 23 በመቶ፣ ካላገኙት 46 በመቶ ነበሩ። ግሩም ነው! ግን ያ መከላከል ነው፤ በሕፃናት ላይ ነው። እኔ ደግሞ ጎልማሳ ነኝ፣ ችፌውም ከያዘኝ ቆይቷል። በዚያ ላይ በ2008 ጀርመን ውስጥ ያንኑ ዝርያ በተመሳሳይ መንገድ የሞከሩ ተመራማሪዎች ልዩነት አላገኙም።

ስለ ሕክምናው የወጣው ትልቁ ግምገማ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት በ2018 ያወጣው ነው። 39 ጥናቶችን፣ ወደ 2,600 የሚጠጉ ሰዎችን ያጠቃለለ ነው። ሐኪሞች የችፌን ክብደት ስኮራድ በሚባል ከ0 እስከ 103 በሚደርስ መለኪያ ይለካሉ። ፕሮባዮቲክ የወሰዱት በአማካይ ወደ 4 ነጥብ ነው የቀነሰላቸው። ታካሚ "ተሻለኝ" የሚለው ግን 8 ወይም 9 ነጥብ ያህል ሲወርድለት ነው። ታካሚዎቹ ራሳቸው ስለ ማሳከክና ስለ እንቅልፋቸው ሲጠየቁ ደግሞ ልዩነቱ ኢምንት ነበር። በዚያው ዓመት ሦስት ባክቴሪያ የተቀላቀለበት ምርት በ50 ልጆች ላይ ተሞክሮ ጥሩ ውጤት የተገኘበት ጥናትም ወጥቷል። እሱ ግን ሌላ ዝርያ ነው፤ የእኔ ጠርሙስ በእሱ ዝና ሊነግድ አይገባውም።

ሐሳቡ ራሱ ሞኝነት አይደለም። ከሰውነታችን የመከላከያ ሴሎች ብዙዎቹ አንጀት አካባቢ ናቸው። እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች የእነዚህን ሴሎች ቁጣ ሊያበርዱት ይችላሉ ተብሎ ይታሰባል። የችፌ ችግር ግን ቆዳው ላይም አለ። የብዙዎቻችን የቆዳ ግድግዳ ሳስቷል፤ ውሃ ያመልጣል፣ የሚያስቆጣው ነገር ይገባል። የቆሰለው ቦታ ላይ ደግሞ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የሚባለው ባክቴሪያ ይሰፍራል። የሚዋጥ እንክብል የሳሳውን ቆዳ አይደፍንም። ማለስለሻ ቅባት ግን ቢያንስ ይሸፍነዋል። ለዚህ ነው ቅባታችሁን ጥላችሁ በፕሮባዮቲክ እንዳትተኩ የምለው። መለያው ላይ ይህን የሚል መስመር ቢኖር ደስ ባለኝ ነበር፤ የለም።

መውሰድ የሌለባቸውም ሰዎች አሉ። የመከላከያ አቅማቸው በበሽታ ወይም በመድኃኒት የተዳከመ፣ እንዲሁም ትልቅ የደም ሥር ውስጥ ቱቦ የገባላቸው ሰዎች ያለ ሐኪም ፈቃድ አይንኩት፤ ባክቴሪያው ደም ውስጥ ገብቶ ሊያመርቅዝ ይችላል። ያለጊዜያቸው ለሚወለዱ ሕፃናት መስጠት አደጋ እንዳለው የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2023 አስጠንቅቋል። የወተት አለርጂ ያለበት ደግሞ ደቃቁን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ያንብብ፤ አንዳንዶቹ ውስጥ የወተት ቅሪት አለ።

እህቴ እርጉዝ ናት፤ ችፌ ደግሞ የቤታችን ነው። "እኔስ ልውሰድ?" አለችኝ። የዓለም የአለርጂ ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ ልጃቸው ለአለርጂ የተጋለጠ እናቶች ቢወስዱ ጥቅሙ ያመዝናል ብሏል፤ ማስረጃው ደካማ መሆኑንም እዚያው ጽፏል። ይህንኑ ነግሬያት ወደ ሐኪሟ ላክኋት። የራሴን ጠርሙስ ግን አልሰጠኋትም።

ለሌላው የምለው አጭር ነው። የሆድ ድርቀት ካላችሁና ኪሳችሁ ከቻለ ሞክሩት። ለቆዳ ከሆነ ዝርያውን በሙሉ ስሙ የጻፈ፣ ቁጥሩንም እስከ ማብቂያው ቀን ዋስትና የሰጠ ምርት ምረጡ፤ ቅባታችሁንም አታቋርጡ። ጥናቶቹ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ወር ነው የሚፈጁት፤ እናንተም ከዚያ በላይ አትጠብቁት። እስከዚያ ድረስ የስቴሮይድ ቱቦው እንደ ድሮው ፍጥነት የሚያልቅ ከሆነ ሁለተኛ ጠርሙስ አትግዙ።