ሪሲቨር ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን ልጅ ጥሩት

ሰላም ጎረቤቶች። አየር ጤና አካባቢ ዲሽ የሚሠራ ታማኝ ሰው ለምትፈልጉ ነው ይሄን የምጽፈው። ልጁንም በሰው ፊት ላመሰግነው ስለምፈልግ ነው።

ሐምሌ ላይ ያ የማያባራ ዝናብ ሲጥል የኢትዮሳት ቻናሎች በሙሉ ጠፉብን። ናይልሳት ግን ይሠራል። እናቴ የማታ ዜና ሳታይ እንቅልፍ አይወስዳትም፣ ሳምንቱን ሙሉ ጥቁር ስክሪን ስታይ ከረመች። መጀመሪያ የጠራነው ሰው ጣራ ላይ እንኳን አልወጣም። ሪሞቱን ነካ ነካ አደረገና "ሪሲቨሩ ተቃጥሏል፣ ፎር ኬ የሚባለውን በጣም ጥራት ያለው ምስል የሚያሳየውን ግዙ" ብሎን ሄደ። ብሩንም አዘጋጅተን ነበር።

ከዚያ ነው ጎረቤታችን ይሄን ልጅ የጠቆመችን። በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ዝናቡ ሳይጀምር፣ መሰላሉን ተሸክሞ ከተፍ አለ። "እማማ፣ ናይልሳት እየሠራ ሪሲቨሩ እንዴት ተቃጠለ ይባላል?" አላት እናቴን። ሜኑውን ከፍቶ ሁለት መስመሮች አሳየን። አንደኛው ስትሬንግዝ፣ ማለትም የሲግናሉ ኃይል ነው፣ እሱ ሞልቷል። ሁለተኛው ኳሊቲ፣ ማለትም የሲግናሉ ጥራት ነው፣ ዜሮ ላይ ቁጭ ብሏል። ስትሬንግዙ ቢሞላም ኳሊቲ ከሌለ ሪሲቨሩ ሳተላይቱን አላገኘውም ማለት ነው አለን፣ ስለዚህ ጥፋቱ ያለው ጣራው ላይ ነው።

እኛ ቤት ሁለት ዲሽ ነው ያለው። ለምን በአንድ እንደማይሆን ያን ቀን ገና ገባኝ። ኢትዮሳት የሚመጣው በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ካለ ሳተላይት ነው፣ ናይልሳት ደግሞ በምዕራብ 7 ዲግሪ ላይ ነው። አንዱ ዲሽ ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው ወደ ምዕራብ ያያል፣ የሁለቱ ገመድ ዳይሴክ የምንላት ትንሽ ስዊች ላይ ተገናኝቶ በአንድ ገመድ ወደ ሪሲቨሩ ይወርዳል። ልጁ የኢትዮሳትን ገመድ ከዳይሴኳ ነቅሎ ወደ ሪሲቨሩ ከሚወርደው ገመድ ጋር በቀጥታ ሲያገናኘው ቻናሎቹ ተመለሱ! ዳይሴኳ ያለ ምንም መሸፈኛ ጣራ ላይ ተንጠልጥላ ውኃ ገብቷት ኖሯል። አዲስ ቀየረ፣ ጫፎቹን በናስትሮ ጠቀለለ፣ ዝናብ እንዳያገኛትም ከጣራው ክፈፍ ሥር አሰራት። ዲሹም በንፋስ ትንሽ ዞሮ ስለነበር ብሎኑን አላልቶ በጣም በትንሹ ሲገፋው እኔ ከታች ሆኜ የኳሊቲውን ቁጥር እጠራለት ነበር፤ 45 የነበረው 78 ገባ።

"ግን ሪሲቨሩ አርጅቷል፣ እንቀይረው?" ብዬ ጠየቅሁት። ሊሸጥልኝ ይችል ነበር እኮ! እሱ ግን ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። የድሮዎቹ ኤስዲ (መደበኛ ጥራት ያላቸው) ሪሲቨሮች ዲቪቢ ኤስ ቱ የሚባለውን አዲሱን የሳተላይት ስርጭት አሠራር አያነቡም፣ ኤችዲ የሚባሉት ከፍ ያለ ጥራት ያላቸው ያነባሉ። የኛ ኤችዲ ስለሆነ ይበቃናል። ፎር ኬ የሚጠቅመው ቴሌቪዥኑም ቻናሉም ፎር ኬ ሲሆን ነው፣ የኛ ቴሌቪዥን አይደለም። በኢንተርኔት የተዘጋ ቻናል ይከፍታሉ የሚባሉትን ባለ ሰርቨር ሪሲቨሮች ደግሞ አልመከረኝም፤ ሰርቨሩ የተዘጋ ቀን የከፈልሽበት ገንዘብ አብሮ ይሄዳል አለኝ።

አንድ ነገር አስጠንቅቆናል። ሪሲቨሩ ጣራ ላይ ላለው ኤልኤንቢ፣ ማለትም ዲሹ ፊት ላይ ለተገጠመው ሲግናል መቀበያ፣ በዚያው ገመድ 13 ወይም 18 ቮልት ይልካል። ስለዚህ ከመብራት ሳትነቅሉት ገመዱን አትነካኩ፣ ሾርት አድርጎ ያኔ እውነትም ሊቃጠል ይችላል። ከባድ ዝናብ ሲወርድ ለጥቂት ደቂቃ ቢቆራረጥ ደግሞ ብልሽት አይደለም፣ ዲሹን ሳታዞሩ ጠብቁ ብሎናል።

የእጁንና የዳይሴኳን ያስከፈለን አንድ ላይ ተደምሮ ልንገዛው ከነበረው ሪሲቨር ዋጋ አንድ አስረኛ አይሞላም። እናቴ ቡና ሳይጠጣ አትሄድም ብላ ያዘችው፣ እስካሁንም ስትመርቀው ነው የምትውለው።

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ቁጥሩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅዶልኛል። ስትደውሉለት የጠፋው ኢትዮሳት ይሁን ናይልሳት ወይስ ሁለቱም፣ አስቀድማችሁ ንገሩት፣ የሚያስፈልገውን ዕቃ ይዞ ይመጣል።